ሃምሳ አራተኛው ሟች

ልጆች «አጎቴ» ይሉታል፤ ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ አብረውት የሚሠሩት ደግሞ «ቀባሪው» ይሉታል። ሁለቱንም ስም ያገኘው ከአንድ ሥራ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በሬዲዮ ተረት ከማውራት። አጭር፣ ቦርጫም፣ የሆነ ነገር ረስቶ የሚመለስ የሚመስል አካሄድ ያለው ሰው ነው። ድምፁን ብቻ የሚያውቁ ሰዎች መልኩን ሲያዩ ቅር ይላቸዋል። አንዲት እናት እንዲያውም ልጇን ልታስተዋውቀው ይዛ መጥታ፣ ካየችው በኋላ «ሌላ ቀን እንመለሳለን» ብላ ሄዳለች። አልተመለሰችም።

ጣቢያው ውስጥ የተቀጠረው ለተራኪነት አልነበረም። ምድር ቤት ካለው የካሴት ክፍል ካሴት እያወጣ የሚሰጥ፣ ሲመለስለት ደግሞ አቧራውን ጠርጎ መደርደሪያው ላይ የሚመልስ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቅዳሜ የልጆች ፕሮግራም አቅራቢዋ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ቀረች። ሰው ሲፈለግ በሕንፃው ውስጥ የተገኘው እሱ ብቻ ሆነ። «ግማሽ ሰዓት የሆነ ነገር አውራ፤ ብቻ ዝም እንዳትል» አሉት። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሰጠው ሰው አልነበረም። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሲቆም እሷ ትጀምራለች፣ እሷ ስትደክም መኪናው ይጀምራል፤ ቤቱ ውስጥ የመናገር ተራ ደርሶት አያውቅም። ያን ቀን ደረሰው። ጦጢት አያ ጅቦን እንዴት እንዳሞኘችው ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራ፣ አየር ላይ መሆኑን የምታሳየው ቀይዋ መብራት ከጠፋችም በኋላ ሊያቆም አልቻለም። አቅራቢዋ ስትድን ሌላ ፕሮግራም ተሰጣት፤ እሱ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ቆመ። ቆመ ስል በእውነት ቆሞ ነው፤ ወንበሩ ሲጥጥ ስለሚል ማይክሮፎኑ ፊት አይቀመጥም።

እንግዲህ ይህ ሰው ጀግና አይወድም። ጎራዴ የታጠቀ ሰው ተረት ውስጥ ብቅ ሲል ያዛጋል። የሚወደው ጉልበት የሌለውን፣ ግን ምላስ ያለውን ነው፤ ትልልቆቹን እንደ ኳስ የሚያንከባልል፣ ሲያዝ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚክድ፣ ሌላውን ሊበላ ሲል ራሱ የሚበላ፣ ሳይታሰብ ደግሞ ለዓለም እሳት ወይም ብርሃን ጥሎ የሚያልፍ ብልጣብልጥ። ልጆችም የሚወዱት ይህንኑ ነው። ልጅ ማለት በትልልቆች መካከል የሚኖር ትንሽ ፍጡር ነው፤ በጉልበት ማንንም እንደማያሸንፍ ያውቃል።

ነገር የመጣው በቁም ሳጥን ነው። ከዕለታት አንድ ቅዳሜ፣ ጦጢት አያ ጅቦን «ይህ ቋጥኝ ሊወድቅ ነው፣ ደግፈህ ያዝልኝና ሰው ልጥራ» ብላው ሄዳ የቀረችበትን ተረት አወራ። በማግሥቱ አንዲት ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ አያቷን «አባባ፣ ቁም ሳጥኑ ሊወድቅ ነው፣ ያዘው! እማዬን ልጥራ!» ብላቸው ጎረቤት ልትጫወት ሄደች። አያትዮው ቁም ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ደግፈው አርባ አምስት ደቂቃ ቆሙ። እኚህ አያት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም አላታለላቸውም፣ ወይም ማንም አልነገራቸውም። በሳምንቱ ጣቢያው ውስጥ «የልጆች ፕሮግራም ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ» ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው እሳቸው ሆኑ። የኮሚቴው መቋቋሚያ ደብዳቤ «አንድ ወላጅ ባቀረቡት አቤቱታ መነሻነት» ይላል። አንድ ወላጅ ማን እንደሆኑ የጣቢያው ዘበኛ ሳይቀር ያውቅ ነበር።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው፣ የሚስማማው ሰውዬ፣ እና የሚተኛው ሰውዬ። በመጀመሪያው ስብሰባ ተራኪውን አስጠሩት።

«ተንኮለኛ ተረት ውስጥ ይኑር አይኑር አንልም» አሉ ሰብሳቢው። «ይኑር። ግን መጨረሻው ላይ ይቀጣ። ቅጣቱም የማያዳግም ይሁን።»

«የማያዳግም ማለት ምን ያህል ነው ጌታዬ?»

«የማያዳግም ማለት የማያዳግም ነው።»

«እስማማለሁ» አለ የሚስማማው ሰውዬ፣ ማን እንደጠየቀው እንጃ።

በዚህ አላበቃም። ተረቱ ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ የኮሚቴው ማኅተም ካላረፈበት አይተላለፍም ተባለ። አየር ላይ አንድ ጊዜ የተቀጣ ተመልሶ በሌላ ተረት ብቅ ካለ፣ ልጆች ቅጣትን እንደ ቀልድ ስለሚያዩት፣ የተቀጣ ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ አይመለስም። ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ተገዛ። ተራ ቁጥር፣ የተንኮለኛው ዓይነት፣ ጥፋት፣ ቅጣት፣ የተቀጣበት ቀን። በተራ ቁጥር አንድ ላይ ጦጢት ገባች። ዘጠኝ ዓመት ያኖረችውን ጦጢትን በገዛ አፉ ከገደል ጣላት፤ ካወራ በኋላ ሽንት ቤት ገብቶ ፊቱን ሲታጠብ ቆየ። በዚያ ሳምንት የመጡት ደብዳቤዎች አንጀት ይበላሉ። አንዷ ልጅ የጦጢትን ሥዕል ስላ፣ ከሥሯ ገደል ስላ፣ ገደሉ ውስጥ ፍራሽ አንጥፋላት ነበር።

ባለቤቱ ደብዳቤዎቹን እያነበበች «አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን ልጆች ምን አደረግሃቸው?» አለችው።

«እኔ ነኝ? ኮሚቴው ነው።»

«ድምፁ ያንተ ነው።»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ተራው ግን አልደረሰውም።

ከዚያ በኋላ ይህ ሰው ቅዳሜ የሚሞት ተንኮለኛ ፍለጋ ዓለምን ያስስ ጀመር። ጥንቸል ሁለተኛ ሳምንት ላይ ሄደች፣ ቀበሮ በሦስተኛው። የሀገሩ እንስሳት በሁለት ወር አለቁ። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሰው ሀገር ተረት እየቆፈረ፣ ምንም ያላደረጉትን ከየሰፈራቸው እያመጣ ይፈጅ ያዘ። ከምዕራብ አፍሪካ ሸረሪት መጣ፤ የዓለምን ጥበብ ሁሉ ቅል ውስጥ ከትቶ፣ ቅሉን ሆዱ ላይ አስሮ ዛፍ ልውጣ ሲል እግሩ የሚጠላለፍበት ያ ሞኝ ብልጥ። ኮሚቴው በጫማ ይረገጥ አለ። ከሰሜን፣ ከበረዶው ዳርቻ፣ ፀሐይን ከሳጥን ሰርቆ ሰማይ ላይ የለቀቀ ቁራ መጣ። ሰብሳቢው «ፀሐይ የመንግሥት ንብረት ናት ወይስ የግል?» ብለው ከጠየቁ በኋላ ዕድሜ ልክ ፈረዱበት። ከአሜሪካ ሜዳ፣ ዓይኑን እያወጣ ወደ ላይ እየወረወረ የሚቀልብ፣ በመጨረሻ ዓይኑ ዛፍ ላይ የቀረበት የዱር ውሻ መጣ፤ ይህኛው ራሱን በራሱ ስለቀጣ ኮሚቴው ምስጋና መዘገበለት።

ከእስያ ደሴቶች ድመት የምታህል ሚዳቋ መጣች፤ «ንጉሡ ቆጠራ አዟል» ብላ አዞዎችን ወንዙ ላይ አሰልፋ፣ አንድ ሁለት እያለች በጀርባቸው ላይ ተሻገረች። ይቺን መግደል አንገቱን አስደፋው። ከግሪኮች፣ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ላም የሰረቀ፣ ዱካቸው እንዳይገኝ ላሞቹን የኋሊት የነዳ ሕፃን አምላክ መጣ። አህያ ላይ ፊቱን ወደ ጭራዋ አዙሮ የሚጋልብ ሽማግሌም መጣ፤ ሰብሳቢው ይህ የትራፊክ ጥፋት ነው አሉ። የባሰው የሰሜን አውሮፓው አምላክ ነው፤ ነገር ሊያበላሽ ብሎ ራሱን ወደ ባዝራ ለውጦ፣ ስምንት እግር ያለው ውርንጭላ ወልዶ ተመለሰ። ኮሚቴው ሁለት ሰዓት ተከራከረ። አምላክ ይቀጣል ወይ? ወንድ ሆኖ መውለድ ጥፋት ነው ወይስ አደጋ? በዚህ መካከል የሚተኛው ሰውዬ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅቶ «ውርንጭላው ያለ እናት ሊቀር ነው ወይ?» አለና ተመልሶ ተኛ። በኮሚቴው ታሪክ የተነገረ ብቸኛው የሰው ንግግር ይህ ነው።

በአንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንት ሃምሳ ሦስት ሟች ተመዘገበ። «ቀባሪው» የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው። አንድ ጊዜ ጥንቸልን «ረጅም ጆሮ ያላቸው ወይዘሮ» ብሎ በስውር ሊመልሳት ሞክሮ ነበር፤ ሰብሳቢው መዝገቡን ገልጠው ጣታቸውን ተራ ቁጥር ሁለት ላይ አሳርፈው አዩት። ቀልቡ ተገፈፈ።

በሃምሳ ሦስተኛው ማግሥት የጣቢያው ዳይሬክተር ቢሮዋ ጠራችው። ወጣት ናት፣ ክፉ አይደለችም፣ ግን ኮሚቴ ትፈራለች።

«ስንት ቀሩዎት?» አለችው።

«ማንም አልቀረኝም።»

«እንግዲያው የሚመጣው ቅዳሜ የመጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን የማርሽ ሙዚቃ ይይዘዋል። እርስዎም ወደ ካሴት ክፍል ይመለሳሉ።»

ወደ ካሴት ክፍል መመለስ ለእሱ በቁም መቀበር ነው። በሳምንት ውስጥ ሰው የሚሆነው ለግማሽ ሰዓት ነው፤ ያቺ ከሄደች ቦርጭና ጫማ ብቻ ይቀራል። ቤቱ ሄዶ ይህንኑ ለባለቤቱ ነገራት። የስፌት መኪናዋን አቁማ አዳመጠችው፤ ይህ ራሱ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ ያሳያል።

«ጽሑፍህን ሁሉንም ገጽ ያነቡታል?» አለች በመጨረሻ።

«ማኅተም ያደርጉበታል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

አስቦት አያውቅም ነበር። የድሮ ጽሑፎቹን ከመሳቢያ አወጣ። የሁሉም የመጨረሻ ገጽ በአውራ ጣት ቆሽሿል፣ ሻይ ጠብ ብሎበታል፤ ከፊቱ ያሉት ገጾች ከጽሕፈት መኪናው እንደወጡ ናቸው። ኮሚቴው የሚያነበው ቅጣቱን ብቻ ነበር! ለማረጋገጥ፣ ለኮሚቴው ፋይል በሚል ሰበብ አንድ የቆየ ተረት እንደገና ተይቦ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገጽ በሙጫ አጣብቆ ላከ። ማኅተም ተደርጎበት ተመለሰ፤ ገጾቹ እንደተጣበቁ ናቸው። ያን ዕለት ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እያፏጨ ደረጃ ወጣ።

የመጨረሻውን ጽሑፍ በሦስት ቀን ጻፈው። ኮሚቴው ያነበበው የመጨረሻ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «በመጨረሻም ያ ውሸታም የሬዲዮ ተራኪ ከሥራው ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ በአየር ላይ ተሰምቶ አይታወቅም። ልጆች፣ ለሚዋሽ ሰው ማይክሮፎን አይሰጠውም።»

ሰብሳቢው በጣም ተደሰቱ። «አሁን ገና ገባህ! አውሬ አውሬ ስትል ከረምህ፤ ይኸው ሰው አመጣህ። ለኑሮ የቀረበ ነው።» ማኅተሙን ጠበቅ አድርገው አሳረፉ፤ በመዝገቡም ተራ ቁጥር ሃምሳ አራት ላይ በራሳቸው እጅ «ተራኪ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ» ብለው ጻፉ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀይዋ መብራት በራች። ፈርቶ ነበር፣ መፍራቱንም መደበቅ አልቻለም።

«ልጆች» አለ፣ «ዛሬ ስለ አንድ ውሸታም ነው የማወራችሁ። ይህ ውሸታም ጦጢት ከገደል ወደቀች ብሎ ነግሯችሁ ነበር። ጦጢት ግን ገደሉ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎላት ጠበቃት፤ ማን እንዳነጠፈላት ታውቃለች፣ አመስግኑልኝ ብላለች። ሸረሪቱም አልተረገጠም፤ ስምንት እግር ያለው ሰው አንዱን ጫማ ለማምለጥ ስንት ዕድል እንዳለው እናንተው አስቡት። ቁራውን ያሰሩበት ቤት ጣሪያ አልነበረውም።» እንዲህ እያለ ሃምሳ ሦስቱንም አንድ በአንድ ከመቃብር አወጣቸው። ውርንጭላውን ለእናቱ፣ ማለትም ለአባቱ፣ አስረከበ። በመሃሉም ሁሉም አሁን የት እንዳሉ ተናገረ፤ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቤት፣ አርባ አምስት ደቂቃ በሁለት እጃቸው ደግፈው ያቆሙት ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቀዋል አለ። ሽማግሌው ባይደግፉት ኖሮ ሁሉም ያልቁ ነበርና፣ ልጆች እናመስግናቸው አለ። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ እንደተጻፈው አነበበ፣ ደህና ሁኑ አለ፣ ወጣ።

ከተማው በሳቅ ፈነዳ። ሰኞ ጠዋት ሰብሳቢው ፊታቸው ቲማቲም መስሎ መጡ። ሊያባርሩት ፈልገዋል፤ ምክንያት መጻፍ ግን ተቸገሩ፤ ምክንያቱን ከጻፉ ቁም ሳጥኑን ማመን ሊመጣ ነው። በመጨረሻ የስንብት ደብዳቤው ላይ «በጸደቀው ጽሑፍ መሠረት» የሚል ሰፈረ። ካሴት ክፍሉም ቀረ።

አምስት ቅዳሜ የማርሽ ሙዚቃ ተላለፈ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰውዬው ቤቱ ውስጥ ይቆማል፤ መቀመጥ አልለመደም። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ባለቤቱ መኪናዋን አቁማ «አውራ እስቲ፣ እየሰማሁህ ነው» ትለዋለች። አላወራም። ስንት ዓመት የተመኘውን ተራ አግኝቶ የሚለው አጣ፤ ይህ ከመባረሩ በላይ አስፈራው።

ጣቢያው ግን ሰላም አላገኘም። ደብዳቤ በጆንያ ይመጣ ጀመር። የልጆቹ አንድ ነገር ነው፤ የወላጆቹ ባሰ። ያቺ ግማሽ ሰዓት በከተማው ያሉ እናትና አባት ሁሉ ጋደም የሚሉባት ሰዓት ነበረች። ዳይሬክተሯ ኮሚቴውን ለመነች። ሰብሳቢው መዝገቡን ገለጡ፤ ጣታቸው ሃምሳ አራት ላይ አረፈ። አየር ላይ የተቀጣ አይመለስም። ራሳቸው ያወጡትን ደንብ ራሳቸው ቢሽሩት ማን ያከብራቸዋል?

በስድስተኛው ሳምንት ዳይሬክተሯ ራሷ ቤቱ መጣች። የተቆራረጠ ጨርቅ ከወንበሩ ላይ አንስታ ተቀመጠችና «ወንድም አለዎት?» አለችው።

«የለኝም።»

«ይኑርዎት።»

ሰውዬው ባለቤቱን አየ። ባለቤቱ «አለው እንጂ!» አለች። «በጣም ነው የሚመሳሰሉት።»

እናም ሰኞ ዕለት «ወንድሙ» ኮሚቴው ፊት ቀረበ፤ ያው ቦርጭ፣ ያው ጫማ፣ ባለቤቱ ያሳጠረችው ሌላ ኮት። ሰብሳቢው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አዩት። እሱም አያቸው። የሚተኛው ሰውዬ አንዴ አንኮራፋ።

«ከሟቹ ጋር ምን ዝምድና አላችሁ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ወንድሜ ነበር።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ሰብሳቢው፣ ቅንድባቸው እንኳ ሳይነቃነቅ። «መዝገቡ በሟቹ ስም የተከፈተ ስለሆነ አብሮ ተዘግቷል። አዲስ ተራኪ በአዲስ መዝገብ ይጀምራል። ተንኮለኞችን በሚመለከት፣ ለጊዜው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይታለፉ። ግን የሟቹን ድምፅ እንዳትጠቀም። ልጆች የሞተ ሰው ሰምተው እንዳይደነግጡ።»

«እስማማለሁ» አለ የሚስማማው ሰውዬ።

ድምፅ መቀየሩ ኮት እንደ መቀየር ቀላል አልነበረም። ባለቤቱ ጉንጮቹ ውስጥ ጥጥ ከታ፣ «ከደረትህ፣ ከደረትህ!» እያለች አለማመደችው። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በርሜል ውስጥ የተቀመጠ ሰው በሚመስል ድምፅ፣ «ልጆች፣ እኔ የአጎታችሁ ወንድም ነኝ» ብሎ ጀመረ፤ ጦጢትንም ከገደሉ አውጥቶ መንገድ አስጀመራት። በየመሃሉ ያስለዋል። ደስ ብሎትም ፈርቶም ነበር፤ ልጆቹ እንግዳ ነው ብለው ፊት ቢነሱት፣ ካሁን በኋላ በማን ስም እንደሚመለስ አያውቅም። ሌላ ወንድም የለውም።

ሐሙስ ዕለት አንድ ደብዳቤ መጣ። ከአንድ ትምህርት ቤት፣ ከሁለተኛ ክፍል፣ አርባ ስም የተፈረመበት፤ ግማሹ ስም ተገልብጦ የተጻፈ። ደጃፉ ላይ እንደቆመ አነበበው።

«ለአጎታችን ወንድም። አጎቴ መሆንህን አውቀናል። ሳትጀምር ገና ስትተነፍስ ነው ያወቅንህ። ለትልቅ ሰው አንናገርም፣ ለመምህራችንም አልነገርንም። አንተም እንዳወቅን ለማንም እንዳትናገር። ድምፅህን ግን አታወፍረው፣ ያስልሃል።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። እንባው መጣ፤ መምጣቱንም አልከለከለውም። ከውስጥ የስፌት መኪናው ቆመ።

«ልጆቹ ምን ይላሉ?» አለች ባለቤቱ። እስከ ዛሬ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ አብረው ነው ያነበቡት።

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ የውስጥ ኪሱ ከተተው።

«አዲሱ ሰውዬ ደህና ነው፣ ወንድሙን ግን አያክልም ይላሉ» አላት።